ቤት ሲያንስ ዕዳው ወዴት ይሄዳል? የሞርጌጅ ዝውውር ጥያቄ ሲዳሰስ

ልጆች አድገው ከወጡ በኋላ አራት መኝታ ቤት ለሁለት ሰው ይሰፋል። ማሞቂያው፣ ጥገናውና ግብሩ ግን እንደነበሩ ይቀጥላሉ። ሸጦ አነስ ወዳለ ቤት መግባት የሚመስለውን ያህል ቀላል ያልሆነው ብዙ ጊዜ ቤቱ የባንክ ዕዳ ስላለበት ነው። ዕዳው ወለድ ርካሽ በነበረበት ዘመን የተወሰደ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ሊለቀው አይፈልግም። ስለዚህ ጥያቄ ይነሣል፦ ያንኑ ብድር ይዞ ወደ ትንሹ ቤት መሻገር ይቻላል ወይ?

ጥያቄው በየአገሩ ስም አለው። እንግሊዞች «ፖርቲንግ» ይሉታል፤ በእስራኤል የቤት ብድሩን፣ ማለትም ማሽካንታውን፣ «መጎተት» ይባላል። መልሱ ግን እንደየአገሩ ሕግና እንደየባንኩ ውል ይለያያል። ይህ ዳሰሳ የጥያቄውን አመጣጥ፣ ዋና ዋና አሠራሮቹንና ማስረጃዎቹን ይመለከታል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ውል፣ ሦስት ቋጠሮ

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚምታታው የቤት ብድር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ላይ ስለሚቋጥር ነው። አንደኛው ዕዳው ነው፤ ማለትም የቀረው ገንዘብ። ሁለተኛው የዕዳው ዋጋ ነው፤ ማለትም ወለዱና የተስማሙበት ጊዜ። ሦስተኛው መያዣው ነው፤ ማለትም ቤቱ። ቤት ሲሸጥ ከሦስቱ የትኛው ይፈታል፣ የትኛውስ እንደታሰረ ይቆያል? አገሮች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

በእንግሊዙ ዝውውር የሚሻገረው ዋጋው ብቻ ነው። አሮጌው ዕዳ ተከፍሎ ይዘጋል፣ መያዣው ይፈታል፣ በአዲሱ ቤት ላይ አዲስ ብድር በአሮጌው ወለድ ይከፈታል። በጀርመን የተለመደው መያዣ መለዋወጥ ከዚህ ይለያል፤ ዕዳውም ውሉም ባለበት ቆይቶ የሚቀየረው ቤቱ ብቻ ነው። ሦስተኛው መንገድ ቤትን ከነዕዳው መሸጥ ሲሆን ብድሩ ከቤቱ ጋር ቀርቶ ገዢው ይረከበዋል። አራተኛው የዴንማርክ ነው፤ ተበዳሪው ዕዳውን በዕለቱ የገበያ ዋጋ መልሶ ይገዛዋል።

«ከነዕዳው» የሚለው ቃል ለአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ገበያ እንግዳ አይደለም። ገዢው ለሻጩ የድርሻውን ከፍሎ ቀሪውን የባንክ ክፍያ ራሱ ሊቀጥል ይዋዋላል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም የተመዘገበ መያዣ ቤቱን ተከትሎ ወደ አዲሱ ባለቤት እንደሚሄድ ይደነግጋል። ይህ ግን ከዝውውር ጋር መምታታት የለበትም። ከነዕዳው መሸጥ ቤቱን ለሚገዛው ርካሽ ብድር ያወርሳል፤ ለሚሸጠው ሰው ቀጣይ ቤት ግን ብድር አያስገኝም።

የጥያቄው አመጣጥ

ወለዱ ከገበያው ጋር በሚወጣና በሚወርድበት አገር ብድር ማዛወር የሚያጓጓ ነገር አይደለም፤ የትናንቱም የዛሬውም ዋጋ አንድ ነውና። ጥያቄው የተወለደው ከቋሚ ወለድ ጋር ነው።

በአሜሪካ ለ30 ዓመት የማይለወጥ ወለድ የተለመደ ነበር። በ1970ዎቹ ወለድ እየናረ ሲሄድ ቤት ሻጮች አሮጌውን ርካሽ ብድር ለገዢ ማስተላለፍ ጀመሩ። አበዳሪዎች ግን በውላቸው ውስጥ ቤቱ ሲሸጥ ዕዳው በሙሉ ወዲያው ይከፈል የሚል አንቀጽ ነበራቸው። በ1978 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዌለንካምፕ ጉዳይ ላይ አበዳሪው መያዣው አደጋ ላይ መውደቁን ካላሳየ በዚህ አንቀጽ እንዳሻው ሊጠቀም እንደማይችል ፈረደ። ቁጠባ አሰባስበው ቤት የሚያበድሩት ተቋማት ለአስቀማጮቻቸው ውድ ወለድ እየከፈሉ ከአሮጌው ብድር ርካሹን ብቻ የሚሰበስቡ ሆኑ። የ30 ዓመቱ ወለድ በጥቅምት 1981 ከ18 በመቶ በላይ ደረሰ። በ1982 የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም፣ ጋርን ሴንት ጀርሜን በሚል ስም የሚታወቀው ሕግም አንቀጹን መልሰው አጸኑት። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ዋስትና ከሚሰጡት የኤፍ ኤች ኤ እና የቪ ኤ ብድሮች በስተቀር የአሜሪካ ሞርጌጅ በአመዛኙ ቤቱ ሲሸጥ የሚሞት ብድር ሆነ።

የእንግሊዝ መንገድ ሌላ ነው። በዚያ ቋሚ ወለድ ማለት አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ወይም የአምስት ዓመት ስምምነት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዕዳውን ቀድሞ የሚከፍል ሰው ቅጣት ይከፍላል፤ ቅጣቱ ብዙ ጊዜ ከቀሪው ዕዳ ከ1 እስከ 5 በመቶ ሲሆን ዓመቱ እየገፋ ሲሄድ ይቀንሳል። ሰው በሥራ፣ በፍቺ ወይም በእርጅና ምክንያት ቤት መቀየሩ ስለማይቀር ባንኮች ቅጣቱን ለማለዘብ የዝውውር መብትን በውሉ ውስጥ አስገቡ። የእንግሊዝ ባንክ መነሻ ወለድ 0.1 በመቶ በነበረበት ጊዜ መብቱን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነበር። ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ ወጥቶ በነሐሴ 2023 5.25 በመቶ ሲደርስ ግን በ2021 ከ2 በመቶ በታች የተዋዋለ ሰው እጁ ላይ ሀብት እንዳለ ተረዳ።

መብት ወይስ ማመልከቻ?

«ይህ ብድር ተዘዋዋሪ ነው» የሚለው ሐረግ ከሚሸከመው በላይ ይሰማል። ተበዳሪው እንደገና ያመለክታል፤ ገቢውና ወጪው ይመረመራል፣ አዲሱ ቤት በገማች ይታያል፣ ባንኩም እምቢ ማለት ይችላል። የተዋዋለበት ወለድ ይጠበቅለታል እንጂ ብድር እንደሚሰጠው አልተረጋገጠለትም።

ይህ ልዩነት የከረረው ከሚያዝያ 2014 ወዲህ ነው። ከ2008ቱ ቀውስ ትምህርት በመውሰድ የእንግሊዝ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ አበዳሪዎች የተበዳሪውን የመክፈል አቅም በጥብቅ እንዲመረምሩ አስገደደ። ለነባር ደንበኞች ማቃለያ ተቀምጧል፦ ተጨማሪ ገንዘብ የማይበደር ሰው ቤት ሲቀይር ባንኩ ምርመራውን ሊተውለት ይችላል። «ይችላል» የሚለው ቃል ግን ሙሉውን ክብደት ይሸከማል፤ ደንቡ ለአበዳሪው ፈቀደለት እንጂ አላስገደደውም። ስለዚህ ለዓመታት ሳያጓድል የከፈለ ሰው፣ ዕዳውን ሊቀንስ እየሄደ ሳለ፣ «አቅም የለህም» ሊባል ይችላል። የደንቡ ደጋፊዎች አዲስ ቤት አዲስ አደጋ መሆኑን ያነሣሉ። ተቺዎቹ ደግሞ ትንሽ ዕዳ ከትልቁ የበለጠ አደገኛ የሚሆንበት አመክንዮ የለም ይላሉ።

ጊዜም የራሱ ወጥመድ አለው። ዝውውር ቀላል የሚሆነው አሮጌው ቤት በሚሸጥበት ቀን አዲሱ ሲገዛ ነው። በመካከል ክፍተት ከተፈጠረ ቅጣቱ አስቀድሞ ይከፈላል፤ ሰውየው በባንኩ የጊዜ ገደብ ውስጥ ከገዛ ይመለስለታል፣ ካለፈው ይቀራል። ገደቡ ከባንክ ባንክ ስለሚለያይ ከመሸጡ በፊት በጽሑፍ ማወቅ ግድ ነው።

ወደ ታች ሲኬድ የሚለወጠው ስሌት

ወደ ትልቅ ቤት የሚሄድ ሰው አሮጌውን ብድር በሙሉ ይዞ የጎደለውን በዛሬ ወለድ ይጨምርበታል። ወደ ትንሽ ቤት የሚሄድ ሰው ችግር ተቃራኒ ነው፤ ያለው ዕዳ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ያላዛወረው ገንዘብ ደግሞ ቀድሞ እንደተከፈለ ይቆጠርና ቅጣት ይወድቅበታል።

በምሳሌ እንየው። ቤቱ 500,000 ፓውንድ ይሸጣል፤ ዕዳው 200,000፣ ወለዱ 1.8 በመቶ፣ ቅጣቱ 3 በመቶ ነው። በየዓመቱ ከዕዳው 10 በመቶ ያለ ቅጣት መክፈል ይፈቀዳል፤ ይህ በብዙ የእንግሊዝ ውሎች ውስጥ ያለ ነው። የሚገዛው ቤት 300,000 ፓውንድ ነው።

የመጀመሪያው አማራጭ ዕዳውን ዘግቶ ያለ ብድር መግዛት ነው። ቅጣቱ 6,000 ፓውንድ ይሆናል፤ ነጻው 10 በመቶ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋም የሚሠራ ከሆነ ወደ 5,400 ይወርዳል። ሁለተኛው ግማሹን፣ 100,000ውን ማዛወር ነው። ከሚቀረው 100,000 ውስጥ 20,000ው በነጻው ድርሻ ይሸፈናል፤ በ80,000ው ላይ 2,400 ፓውንድ ይከፈላል። ሦስተኛው የሚቻለውን ያህል ማዛወር ነው። እዚህ ላይ አንድ ስውር ገደብ ይመጣል። አሮጌው ዕዳ ከቤቱ ዋጋ 40 በመቶ ነበር፤ ያው ዕዳ በትንሹ ቤት ላይ ሲቀመጥ 67 በመቶ ገደማ ይሆናል። ውሉ ዕዳው ከቤቱ ዋጋ 60 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ከሆነ ሊዛወር የሚችለው 180,000 ብቻ ነው። ቀሪው 20,000 በነጻው ድርሻ ስለሚከፈል ቅጣት አይኖርም፤ በእጅም 180,000 ፓውንድ ጥሬ ገንዘብ ይቀራል። ይህን ገንዘብ 4 በመቶ በሚከፍል ቁጠባ ያስቀመጠ ሰው ከግብር በፊት በዓመት 3,960 ፓውንድ ልዩነት ያገኛል።

በወረቀት ላይ ሦስተኛው ያሸንፋል። ሰውየው ግን ቤቱን ያሳነሰው ከዕዳ ለመገላገል ሊሆን ይችላል፤ ትርፉም የሚቆየው ስምምነቱ እስኪያበቃ ድረስ ብቻ ነው። ስምምነቱ ሊያበቃ ጥቂት ወራት ከቀሩት ሽያጩን ማዘግየት ከሦስቱም ሊበልጥ ይችላል። ዕዳው ትንሽ ከሆነ ደግሞ የግምት፣ የጠበቃና የማመልከቻ ወጪ ብቻውን ትርፉን ይበላዋል።

ዕድሜ እና የቤቱ ዓይነት

ቤት የሚያሳንሱት በአመዛኙ በዕድሜ የገፉ ሰዎች በመሆናቸው ሁለት ተጨማሪ እንቅፋቶች አሉ። አንደኛው ገቢ ነው። ብድሩን ሲወስድ ደመወዝተኛ የነበረ ሰው ሲያዛውር ጡረተኛ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የሚገዛው ቤት ዓይነት ነው። ለአረጋውያን ተብለው የሚሠሩ አፓርታማዎችን፣ ከፍተኛ የአገልግሎት ክፍያ ያለባቸውን ወይም የመሬት ሊዛቸው ያጠረውን ብዙ አበዳሪዎች በመያዣነት አይቀበሉም። ሰውየው ብቁ ሆኖ ሳለ ቤቱ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው።

ከ55 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች በእንግሊዝ የሚሰጠው የዕድሜ ልክ ሞርጌጅ ይህን በተለየ መንገድ ይይዘዋል። የዘርፉ ማኅበር የሆነው ኢኩዊቲ ሪሊዝ ካውንስል ባወጣው መመዘኛ ተበዳሪው ብድሩን ይዞ ተቀባይነት ወዳለው ሌላ ቤት የመሄድ መብት አለው። አንዳንድ ውሎች አንድ እርምጃ ይቀጥላሉ፦ ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከአምስት፣ አዲሱ ቤት ለመያዣነት ካልበቃ ዕዳው ያለ ቅጣት ይዘጋል። ቤት ለሚያሳንስ ሰው ተብሎ የተጻፈ አንቀጽ ይህ ነው። በተራው ሞርጌጅ ውስጥ አቻ የለውም።

ቅጣቱ በምን ይሰላል?

በዝውውር ክርክር ውስጥ በቂ ትኩረት ያላገኘው ነጥብ የቅጣቱ አሰላል ነው። የእንግሊዙ ቅጣት ወለድ ወጣም ወረደም ያው መቶኛ ነው። ደንቡ ቅጣቱ ባንኩን የሚያገኘው ወጪ ምክንያታዊ ቅድመ ግምት እንዲሆን ያዝዛል፤ ግምቱ የሚወሰደው ግን በውሉ ቀን ነው። ስለዚህ የ1.8 በመቶ ብድር የተመለሰለትና ያንኑ ገንዘብ በ5 በመቶ የሚያበድር ባንክም ቅጣቱን ይወስዳል።

በጀርመን ቅጣቱ ባንኩ ያጣውን ወለድ ይከተላል፤ ገበያው ከውሉ ወለድ በላይ ሲወጣ ኪሳራ ስለሌለ ቅጣቱ ሊጠፋ ይችላል። በዚያው አገር የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በ2004 ተበዳሪው እኩል ዋስትና ያለው ቤት ካቀረበ ባንኩ መያዣውን እንዲለውጥለት ሊገደድ እንደሚችል ወስኗል። ፈረንሳይ ቅጣቱን በስድስት ወር ወለድ ትገድባለች፤ ከቀሪው ዕዳም 3 በመቶ አያልፍም። በካናዳ በቋሚ ወለድ ላይ ያለው ቅጣት ከሦስት ወር ወለድና ከወለድ ልዩነት የሚበልጠው ነው፤ ወለድ ሲወጣ ልዩነቱ ስለሚጠፋ ወደ ሦስት ወር ይወርዳል። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሕጉ ለግለሰቦች ከሦስት ወር ወለድ በላይ አይፈቅድም።

እስራኤልም ቅጣቱ የገበያውን ወለድ ከሚከተልባቸው አገሮች ወገን ናት። በዚያ ያለውን የአማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ በቀጥታ የሚመለከተው ልዩነት ይህ ነው፦ የማሽካንታው ዋና ቅጣት የሚመጣው የገበያው ወለድ ከውሉ በታች ሲሆን ነው። ስለዚህ ወለድ ከወጣ በኋላ መጎተት የሚጠቅመው ቅጣት ለማምለጥ ሳይሆን ርካሹን ወለድ ለማቆየት ነው። ዕዳውን መቀነስ የሚፈልግ ሰው ቀሪውን በትንሽ ወጪ ሊዘጋ ይችላል። ወለድ ሲወርድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ መጎተት ከቅጣት ማምለጫ ይሆናል።

ዴንማርክ ከሁሉም ርቃ ሄዳለች። ኮፐንሃገን በ1795 ከተቃጠለች በኋላ ለመልሶ ግንባታ በ1797 የተመሠረተው የብድር ማኅበር የወለደው ሥርዓት እያንዳንዱን ብድር ከሚሸጥ ቦንድ ጋር ያጣምራል። ወለድ ሲወጣ የአሮጌው ቦንድ ዋጋ ይወድቃል፤ ተበዳሪውም በወደቀው ዋጋ ገዝቶ ዕዳውን ይሰርዛል። 2 ሚሊዮን ክሮነር ዕዳ ያለበት ሰው ቦንዱ ከ100 ወደ 80 ከወረደ በ1.6 ሚሊዮን ነጻ ይወጣል። ሌላ ቤት በብድር ለሚገዛ ሰው ትርፉ በከፊል ይጠፋል፤ አዲሱ ብድር በዛሬ ወለድ ነውና። ቤት አሳንሶ እንደገና ለማይበደር ሰው ግን ትርፉ ሙሉ ነው።

የማስረጃው ሁኔታ

ርካሽ ብድር ሰውን ቤቱ ውስጥ እንደሚያስር ማስረጃው ጠንካራ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆን ክዊግሊ በ1987 ባሳተመው ጥናት ወለድ ሲወጣ አሜሪካውያን ቤት መቀየር እንደሚቀንሱ አሳየ። የአሜሪካ የቤት ፋይናንስ ተቆጣጣሪ ኤጀንሲ ተመራማሪዎች በ2024 ባወጡት ጽሑፍ የገበያው ወለድ ከውሉ ወለድ በ1 መቶኛ ነጥብ ሲበልጥ ቤቱ የመሸጥ ዕድሉ በ18.1 በመቶ እንደሚቀንስ ገመቱ። ከ2022 አጋማሽ እስከ 2023 መጨረሻ 1.33 ሚሊዮን ሽያጭ እንደቀረ፣ የአቅርቦቱ ማነስም ዋጋን በ5.7 በመቶ እንዳስወጣ አስልተዋል። ፎንሴካ እና ሊው የተባሉ ተመራማሪዎች በበኩላቸው በ1 መቶኛ ነጥብ ልዩነት ቤት የሚቀይር ሰው በ9 በመቶ እንደሚያንስ፣ ሰዎችም በአቅራቢያ የተሻለ ደመወዝ ሲገኝ እንኳ እንደማይነቃነቁ አገኙ።

ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ እነዚህ ጥናቶች እስሩን ይለካሉ እንጂ ዝውውር ቢፈቀድ ምን ያህል ሰው እንደሚፈታ አይለኩም። ሁለተኛ፣ የተለካው ዝውውር በሌለበት በአሜሪካ ነው፤ በአምስት ዓመት ውል የሚሠራውን የእንግሊዝን ገበያ በዚያው ሚዛን መመዘን አይቻልም። ሰውን ከትልቅ ቤት የሚያስረው ብድር ብቻም አይደለም። ካሊፎርኒያ በ1978 የንብረት ግብርን ከገዙበት ዋጋ ጋር ስታስር ተመሳሳይ ወጥመድ ፈጠረች፤ በ2020 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 19 ከ55 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች አሮጌውን የግብር መነሻ ይዘው እንዲሄዱ ፈቀደ። የግብር ዝውውር ነው ማለት ይቻላል።

ዋናው ክርክር

በኅዳር 2025 የአሜሪካ ቤት ፋይናንስ ተቆጣጣሪ ኃላፊ ቢል ፑልቴ ተዘዋዋሪ ሞርጌጅ እየተጠና መሆኑን ሲናገሩ አሮጌው ጥያቄ እንደገና ተነሣ። ደጋፊዎች ሁለት ነገር ይላሉ፦ ሰው ለቤተሰቡ ወደሚስማማው ቤት ይሄዳል፣ ትልልቅ ቤቶችም ለወጣት ቤተሰቦች ይለቀቃሉ።

ተቃዋሚዎች የሚጠይቁት ማን ይከፍላል ብለው ነው። የአሜሪካ ብድር ተሰብስቦ ለባለሀብት ሲሸጥ ዋጋው የሚወሰነው ሰዎች ቤት እየቀየሩ ዕዳቸውን ቀድመው እንደሚዘጉ ታስቦ ነው። ርካሹ ብድር ከባለቤቱ ጋር እየተጓዘ 30 ዓመት የሚኖር ከሆነ ባለሀብቱ ከፍ ያለ ወለድ ይጠይቃል፤ ያንንም ቤት የማይቀይረው ጭምር ይከፍለዋል። ደግሞም ባለሀብቱ የገዛው በአንድ የታወቀ ቤት የተያዘ ዕዳ ነው፤ ሌላ ቤት ሌላ መያዣ ነው። ትናንት የተፈረሙትን ውሎች ወደ ኋላ ሄዶ መለወጥም አይቻልም። ስለዚህ ፈቃዱ ዛሬ ቢሰጥ የሚጠቅመው ወደፊት የሚበደረውን እንጂ ዛሬ የታሰረውን አይደለም።

ከሁለቱም ወገን ያልተመለሰው የመቀነስ ጥያቄ ነው። ዝውውር ዕዳውን ይዞ ለሚሄድ ሰው የተሠራ መሣሪያ ነው። ዕዳውን መጣል ለሚፈልግ ሰው ግን የሚያቀርበው «ባለዕዳ ሆነህ ቆይ» የሚል ምክር ነው። ቅጣቱ የባንኩን እውነተኛ ኪሳራ ቢከተል፣ ወለድ በወጣባቸው ዓመታት ቤቱን የሚያሳንስ እንግሊዛዊ ማዛወር ሳያስፈልገው በነጻ ይወጣ ነበር። ባንኮች አስቀድሞ የታወቀ መቶኛ ለደንበኛው ግልጽ ነው ብለው ይከራከራሉ፤ እውነት አላቸው። ወለድ ሲወርድ የጀርመኑ አሰላል ከእንግሊዙ የከፋ ሊሆን እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። ግልጽነትና ፍትሐዊነት እዚህ ላይ ተለያይተዋል።

ማጠቃለያ

ዝውውር ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ለሚሄድ ጥሩ መብት ነው፤ ወደ ታች ለሚሄድ ደካማ መብት ነው። ቤቱን ሊያሳንስ ያሰበ ሰው ለአበዳሪው የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ብድሬ ይዛወራል?» መሆን የለበትም፤ መልሱ ዝውውር ባለበት ብዙ ጊዜ «አዎ፣ ካመለከቱ» ነውና። የሚሻለው አራት ቁጥሮችን በጽሑፍ መጠየቅ ነው፦ ባልተዛወረው ገንዘብ ላይ የሚመጣው ቅጣት፣ ያለ ቅጣት የሚከፈለው ድርሻ፣ በአዲሱ ቤት ዋጋ ላይ የሚፈቀደው የብድር መጠን፣ በሽያጩና በግዢው መካከል የሚፈቀደው ቀን። አራቱ ከተገኙ በኋላ ስሌቱ የአንድ ገጽ ሥራ ነው፤ ሊሠራ የሚገባው ግን ቤቱ ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት ነው።